በጆሮው ያሸነፈው ሰላይ

«ጌት ስማርት» የተባለው የስለላ ኮሜዲ ከቴሌቪዥን ወደ ሲኒማ ሲሻገር የጫማ ስልኩንም ቀዩን መኪናም ይዞ ነበር። ዋናውን ሰው ግን ለወጠው። ፊልሙን ለቤተሰብ ምሽት የሚመች ያደረገውም ይኸው ለውጥ ነው።

ቅዳሜ ማታ ነው። እራት ተነስቷል፤ ሁሉም ሶፋው ላይ ቦታ ቦታውን ይዟል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው፤ ሁሉንም የሚያስማማ ፊልም መምረጥ። አባት ተኩስና የመኪና ሩጫ ያለበት ይሁን ይላል። እናት ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ ከርማ መሳቅ ትፈልጋለች። ትንሹ ልጅ ካርቱን ካልሆነ ብሎ ያኮርፋል፤ ታላቂቱ ዓይኗን ከስልኳ አታነሳም። ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ በመጨረሻም ማንም ያልፈለገው ነገር ይከፈታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ምሽት የሚሆን አንድ ፊልም አለ። አዲስ አይደለም፤ ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በጁን 2008 ነው። «ጌት ስማርት» ይባላል። ተኩሱም ሩጫውም አለው፤ ሳቁም አልጎደለበትም። ከሳቁ ሥር ደግሞ ወላጅንም ልጅንም የሚመለከት ጥያቄ አለ፦ ሌሎች ሲሰለቹ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ዋጋው ስንት ነው?

ስልኩ ጫማው ውስጥ የነበረው ሰው

ታሪኩ የሚጀምረው ከፊልሙ 43 ዓመት ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ዓለም በጄምስ ቦንድ ፍቅር ወድቆ ነበር። ቀዝቃዛው ጦርነት ጋለ በረደ እያለ የሰውን ልብ በሚሰቅልበት በዚያ ዘመን፣ ልብሱ የማይጨማደድ፣ ጥይት የማያገኘው ሰላይ በየሲኒማ ቤቱ ይታይ ነበር። ሜል ብሩክስና ባክ ሄንሪ የተባሉ ሁለት የቀልድ ደራሲዎች ነገሩን ገለበጡት። ቦንድ ሁሉን ነገር የሚችል ከሆነ፣ ሁሉን ነገር እችላለሁ ብሎ የሚያምን ግን ምንም የማይሳካለት ሰላይ ቢኖርስ?

ስሙንም ማክስዌል ስማርት አሉት። ስማርት ማለት ብልህ ማለት ነው፤ ቀልዱ ከስሙ ይጀምራል። የወኪልነት ቁጥሩ 86 ነው። በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሠራተኞች ቋንቋ ይህ ቁጥር «ምግቡ አልቋል» ወይም «ይህን ደንበኛ አስወጡት» ማለት ነው። ማክስ የሚሠራበት የመንግሥት የስለላ ድርጅት ኮንትሮል ይባላል። ጠላቱ ኬኦስ ነው፤ ቃሉ ሲጠራ ትርምስ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ይመሳሰላል።

ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ሐሳቡን አይቶ አልወደደውም። ኤንቢሲ ግን ተቀበለው፤ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1965 ተላለፈ። እስከ 1970 ድረስ በአምስት የውድድር ዘመን 138 ክፍሎች ታዩ፤ የመጨረሻው ዘመን የተላለፈው በሲቢኤስ ነው። የማክስን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዶን አዳምስ በዚህ ሥራው ሦስት ጊዜ የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጓዳልካናል ደሴት የተዋጋ፣ በዚያም በከባድ የወባ በሽታ ለሞት ተቃርቦ የተረፈ እውነተኛ ወታደር ነበር። ድምፁን የሚያውቁ ወላጆችም አይጠፉም፤ በ1980ዎቹ «ኢንስፔክተር ጋጄት» በተባለው ካርቱን ላይ የዋናው ገጸ ባሕርይ ድምፅ እርሱ ነው።

ተመልካች እየሳቀ የሚጠብቃቸው ነገሮች ነበሩ። አንዱ የጫማው ስልክ ነው። ስልክ ሲጠራ ማክስ የትም ይሁን የት ጫማውን ያወልቃል፣ ሶሉን ይከፍታል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሚዞርበት በዛሬ ጊዜ ለልጆች ነገሩን ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያኔ ግን ስልክ ማለት ግድግዳ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ በገመድ የታሰረ ዕቃ ነበር። ሌላው የዝምታው ጉልላት ነው። ማክስና አለቃው ምሥጢር ሲነጋገሩ ከጣሪያ ላይ መስታወት የመሰለ ጉልላት ይወርድባቸዋል። ውጪ ያለ ሰው እንዳይሰማ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ራሳቸው መደማመጥ ያቅታቸዋል። «ምን አልክ?» «ምን?» እየተባባሉ ይጮኻሉ።

የውሸቱ ነገርስ? ማክስ በጠላት እጅ ሲወድቅ ቤቱ በብዙ ሠራዊት ተከቧል ብሎ ያስፈራራል። ጠላት አያምንም። ማክስ ዋጋ እንደሚቀንስ ነጋዴ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ጥቂት ፖሊሶች ቢሆኑስ? አሁንም አያምንም። አንድ ዘበኛ ከነውሻው ቢሆንስ? ጨዋታው እንዲህ ይቀጥላል። ማክስ ሲሸነፍም አይደነግጥም፤ ፊቱ ላይ አንዳች የሐፍረት ምልክት አይታይም። ቀልዱ ያለው እዚያ መተማመን ላይ ነው።

ስም የሌላት ሴት

ማክስ ባይችል ማን ሥራውን ይሠራ ነበር? አብራው የምትሠራው ወኪል 99። ባርባራ ፌልደን የተጫወተቻት ይህች ሴት የተረጋጋች፣ አስተዋይና ደፋር ናት። መፍትሔው መጀመሪያ የሚታያት ለእርሷ ነው፤ ግን ማክስ ራሱ ያገኘው እንዲመስለው አድርጋ ታቀርብለታለች። በአምስት ዓመት ውስጥ እውነተኛ ስሟ አልተነገረም። ሁለቱ ተጋቡ፣ መንታም ወለዱ፤ እርሷ ግን እስከ መጨረሻው 99 ሆና ቀረች።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ከወንዱ የምትበልጥ ባለሙያ ሴት ማየት ብርቅ ነበር። ያም ሆኖ ዘመኑ የራሱን ገደብ አልተወም። ፌልደን በቁመት ከአዳምስ የማታንስ ስለነበረች ካሜራ ፊት አብራው ስትቆም ጎንበስ ትል ነበር። ይህን እያነበቡ በመሥሪያ ቤት ወይም በቤት ውስጥ ሌላው ከፍ እንዲል ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴቶች ትዝ ያሉት አንባቢ ካለ አይገርምም።

ሐውልት ማፍረስ ወይስ ማደስ?

ተወዳጅ የቴሌቪዥን ሥራን ወደ ሲኒማ ማምጣት ቀላል አይደለም። የእንግሊዞቹ ተከታታይ የስለላ ድራማ «ዘ አቬንጀርስ» እ.ኤ.አ. በ1998 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ተመልካች ፊቱን አዞረበት። ከ«ጌት ስማርት» ጋር በአንድ ወር የጀመረው «አይ ስፓይ» በ2002 በኤዲ መርፊና በኦወን ዊልሰን ሲሠራም ዕድሉ ከዚያ አልተሻለም። አንዳንዱ ፊልም ስሙን ብቻ ወስዶ ነፍሱን ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ አሮጌውን ሥራ እንዳለ ሊደግም ሲሞክር አስመሳይ ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ፒተር ሲጋል ይህን አደጋ ፊት ለፊት መጋፈጥ ነበረበት። ዶን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ2005 አርፏል፤ ያንን ድምፅና ያንን ፊት የሚተካ ሰው የለም። ሚናው የተሰጠው ስቲቭ ካሬል ያኔ «ዘ ኦፊስ» በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ላይ አለቃ ሆኖ ሲጫወት ዝነኛ ሆኖ ነበር። ካሬል ግን አዳምስን ለመምሰል አልሞከረም። ደራሲዎቹ ቶም አስትልና ማት ኤምበርም ለእርሱ የሚሆን ሌላ ማክስ ጻፉለት።

የድሮው ማክስ ደካማ ሆኖ ጎበዝ ነኝ የሚል ነበር። አዲሱ ማክስ ጎበዝ ሆኖ ሰው ያላየለት ነው።

በፊልሙ መጀመሪያ ማክስ ወኪል አይደለም፤ ተንታኝ ነው። ሥራው የጠላትን የስልክ ወሬ ማዳመጥና ሪፖርት መጻፍ ነው። ሪፖርቱ ረጅም ነው። ጠላት ቦምብ የት እንደደበቀ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚበላና ትዳሩ እንዴት እንደሆነ ጭምር ይጽፋል። ስብሰባ ላይ ሲያቀርብ ጡንቻቸው የፈረጠመው ወኪሎች በስልቹነት ይተክዛሉ። ማክስ ግን ያምንበታል። ጠላቶቻችን ክፉ ነገር የሚሠሩ ቢሆኑም ሰዎች ናቸው፤ ሰው መሆናቸውን ካልተረዳን አናሸንፋቸውም ይላል።

ሕልሙ የመስክ ወኪል መሆን ነው። ለዚህ ብሎ ክብደቱን ቀንሷል፤ ፈተናውን ደጋግሞ ወስዶ በመጨረሻ በከፍተኛ ውጤት አልፏል። አለቃው ግን እድገቱን ይከለክለዋል። ምክንያቱ? አሁን ባለበት ቦታ በጣም ያስፈልገኛል ነው። «አንተን የመሰለ ሰው ከዚህ ወንበር ማንሳት አልችልም» የሚል ምስጋና የመሰለ ቅጣት ቀምሶ የሚያውቅ ሠራተኛ እዚህ ትዕይንት ላይ ፈገግ ይላል፤ ምናልባትም በረጅሙ ይተነፍሳል።

ከዚያ ኬኦስ የኮንትሮልን ዋና መሥሪያ ቤት ያጠቃል፤ የወኪሎቹ ማንነትም በጠላት እጅ ይወድቃል። ፊታቸው ያልታወቀ ሁለት ሰዎች ብቻ ይቀራሉ፦ ከቢሮ ወጥቶ የማያውቀው ማክስ፣ እና ቀደም ብላ መልኳን በቀዶ ሕክምና የቀየረችው 99። 99ን የምትጫወተው አን ሃታዌይ ናት። ሁለቱ ወደ ሩሲያ ይላካሉ።

ጆሮ ጠቢና አድማጭ

በእኛ ቋንቋ ለሰላይ ካሉን ስሞች አንዱ «ጆሮ ጠቢ» ነው። ቃሉ ቀላል አይደለም። አሁን አያት የሆኑት ሰዎች ወሬ ሲጀምሩ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ፣ በር እንዲዘጉ፣ ሬዲዮ ከፍ እንዲያደርጉ ያስተማራቸው ቃል ነው። የሚሰማህ ሁሉ ሊያጠፋህ የሚሰማ ነበር። ስለዚህ ሰላይን ቀልድ አድርጎ ማየት ለአንዳንዱ ቤት ቀርቶ የማያውቅ ነገር ነው፤ ምናልባት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው ፊልሙን ሲያዩ አንድ የድሮ ታሪክ ያነሱ ይሆናል።

«ጌት ስማርት» ይህንኑ ጆሮ ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ማክስም የሰው ወሬ ሰርቆ ይሰማል፤ ሥራው ነው። ግን የሰማው ነገር ውስጡ ገብቶ ይቀራል። ከጠላት ወገን ዳሊፕ የሚባል እንደ ግንብ የቆመ ግዙፍ ሰው አለ። የሚጫወተው በትግል መድረክ «ታላቁ ካሊ» በመባል የሚታወቀው ሕንዳዊው ዳሊፕ ሲንግ ነው። ይህ ሰው ማክስንና 99ን ሊገድላቸው ሲደርስ ጡንቻም መሣሪያም አያድኑም። ማክስ የሚያድነው ዳሊፕ በስልክ ሲያወራ የሰማውን በማስታወሱ ነው፤ ግዙፉ ሰው ከሚስቱ ጋር ችግር አለበት። ማክስ እንደ ሽማግሌ ያናግረዋል። በጥንቃቄ ስለ ትዳሩ ይጠይቀዋል፣ ይመክረዋል። ማንም የት ደረስክ ብሎ የማይጠይቀው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው አገኘ። ያቺ ጭውውት በኋላ ብዙ ሰው የምታድን ሆና ትመለሳለች።

ቀልዱ አልጠፋም፤ ዳሊፕ ሲያዝን ማየት ያስቃል። ግን ተመልካች የሚስቀው ዳሊፕ ሰው ሆኖ ስላገኘው ነው። አለቃው ዚግፍሪድ፣ ማለትም ቴረንስ ስታምፕ፣ ይህን ግዙፍ ሰው እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ውድቀቱም ከዚያ ይጀምራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ በኮንትሮል ውስጥም አንድ ከሃዲ አለ። ማን እንደሆነ ግን አንናገርም፤ ልጆቹ ይገምቱ።

መደምደሚያው የሚሆነው በሎስ አንጀለስ በሚገኘው በዋልት ዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ ነው። ፕሬዚዳንቱ በተገኙበት የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ይቀርባል፤ ቦምቡም ከሙዚቃው ማብቂያ ጋር ተያይዟል። ቤትሆቨን ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1824 ቪየና ውስጥ ለሕዝብ ሲያቀርብ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። ምስኪኑ ማክስ ደግሞ ሰውን ሁሉ ለማዳን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ጆሮ።

ለድሮ ወዳጆች የተቀመጠ ስጦታ

ፊልሙ የድሮውን ሥራ የሚያውቁትንም አልረሳም። የጫማው ስልክና ሰንቢም ታይገር የተባለችው ቀይ መኪና በሙዚየም ውስጥ እንደ ቅርስ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ማክስ ከዚያው ያወጣቸዋል። የሚከፈቱትና የሚዘጉት ተከታታይ የብረት በሮችም አሉ። የዝምታው ጉልላት ዘመናዊ ሆኖ መጥቷል፤ አሁንም አይሠራም። በድሮው ሥራ በየጠባቡ ቦታ ተደብቆ የሚያማርረው ወኪል 13 በፊልሙ ዛፍ ውስጥ ነው፤ ብቅ የሚለው ቢል መሪ ነው። በቴሌቪዥኑ ዚግፍሪድን የተጫወተው በርኒ ኮፔልም በአጭር ትዕይንት ፊቱን ያሳያል። እነዚህን የማያውቅ ልጅ ምንም አይቀርበትም፤ የሚያውቅ አባት ግን ለብቻው ይስቃል።

ፊልሙ 80 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት በዓለም ዙሪያ ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የሐያሲያን አስተያየት ግን የተከፋፈለ ነበር። ከሥር ያለው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ፍንዳታው ይበዛና ፊልሙ ሊቀልድበት የተነሳውን ዓይነት ፊልም ራሱ መምሰል ይጀምራል። 99ም ከድሮዋ ይልቅ ተዋጊ ሆናለች፤ ጎንበስ የምትልበት ምክንያት የለም። ይሁን እንጂ ሃታዌይ ከካሬል 20 ዓመት ታንሳለች፤ ፊልሙም ይህን የሚያልፈው በመልክ ቀዶ ሕክምናው ታሪክ ነው። ስሟም አሁንም 99 ነው።

ከልጆች ጋር ሲያዩት

ፊልሙ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የወላጅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል የሚል ነው። የጾታ ይዘት ያላቸው ቀልዶች እዚህም እዚያም አሉ፤ ተኩስና ድብድብም አለ፣ ደም ግን ብዙ አይታይም። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ብቻውን ቢያየው ይመረጣል። ትናንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አንዱ ወኪል ሌላውን ግንባሩ ላይ በስቴፕለር ወረቀት የሚለጥፍበት ትዕይንት አለ። ትንሹ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚስቀው በዚህ ነው፤ ማግስቱን ስቴፕለሩን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይከፋም።

ለንግግር የሚሆን ጉዳይም አለ። ፊልሙ ማክስ ወፍራም በነበረበት ጊዜ ላይ ለማሳቅ ይሞክራል፤ ያ ክፍል ዛሬ ሲታይ ይጎረብጣል። ግን ሌላ ትዕይንት አለ። በአንድ ታላቅ ግብዣ ላይ 99 ከቤቱ ጌታ ጋር ትደንሳለች። ማክስ ደግሞ ዘወር ብሎ ቀጫጭን ሴቶች የሚሳለቁባትን ወፍራም ሴት ያስነሳታል። ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲዘጋጅ ሁለቱ አዳራሹን የሚያስደንቅ ዳንስ ይደንሳሉ። ማክስ የመረጣት እንደ እርሷ ተስቆበት ስለሚያውቅ ነው። ልጆችዎን ሁለቱን ትዕይንቶች እንዲያወዳድሩ ይጠይቋቸው፤ የትኛው ላይ በሰው ላይ ሳቅን፣ የትኛው ላይ ከሰው ጋር ሳቅን? ከዚህ ጥያቄ የሚነሳው ወሬ ከፊልሙ ሊረዝም ይችላል። ምናልባትም ከልጆችዎ አንዱ በትምህርት ቤት ማን እንደሚስቅበት የሚናገረው በዚያች ሰዓት ነው።

የዚያን ጊዜ አታቋርጡ። ምክሩንም ተግሣጹንም ትንሽ አቆዩት። ማክስዌል ስማርት በፈተና የወደቀ፣ በሩ አፍንጫውን የሚመታው፣ ከአውሮፕላን ያለ ፓራሹት የሚወድቅ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ወኪሎች በተሻለ ይችላል፤ የሰውን ነገር እስከ መጨረሻው ይሰማል። እንዲህ ያለ ጆሮ በየቤቱ አንድ ቢገኝ የዝምታው ጉልላት አያስፈልግም ነበር።